ነጭ አኔሞኒ በዛፍ ጥላ ሥር፦ ሁለት ዓመት ተክዬ አልበቅል አለኝ

የበርች ጥላ (ጎተንበርግ) | ኦክቶበር 14፣ 2023

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ናችሁ?

የጓሮ ነገር የምታውቁ ሰዎች እንዳላችሁ አይቼ ነው የምጽፈው። ጎተንበርግ፣ ስዊድን ነው የምኖረው። ቤት ከገዛን አራት ዓመታችን ነው። ከቤቱ ጀርባ ሁለት የበርች ዛፍና አንድ ያረጀ የአፕል ዛፍ አለ። ቦታው እስከ ረፋዱ አምስት ሰዓት ፀሐይ ያገኛል፤ ከዚያ በኋላ ጥላ ነው። ሣር እንኳን በደንብ አይዝም።

እዚህ ከተማ፣ ቦታኒካል ጋርደኑ ውስጥ፣ ቪትሲፕስዳለን የሚባል ሸለቆ አለ። ቪትሲፓ ማለት ስዊድኖች ነጯን የጫካ አኔሞኒ የሚጠሩበት ስም ነው። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ የሸለቆው መሬት በሙሉ ነጭ ይሆናል። ስዊድን በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ያ ሁሉ ብርድና ጨለማ አልፎ፣ ጓደኛዬ ወስዳ አሳየችኝ። ቆሜ አለቀስኩ። አደይ አበባ ያየሁ ነው የመሰለኝ። ቀለሙ ሌላ ነው፤ ግን "አለፈ፣ ነጋ" የሚል ስሜቱ አንድ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ።

እና ይህን አበባ ጓሮዬ ውስጥ ማየት ፈለግሁ። ባለፈው ዓመት መጸው ላይ ከሱቅ በወረቀት ከረጢት የታሸገ 30 ሥር ገዛሁ። ደረቅ እንጨት የመሰለ ቀጭን ነገር ነው። በርቹ ሥር ተከልኩት። በጸደይ ሁለት ቅጠል ብቻ ብቅ አለ፤ እሱም ጠፋ። ዘንድሮ ደግሜ 30 ገዝቼ ከመትከሌ በፊት አንዱን ሰበር ባደርገው ውስጡ ባዶ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው? ጥላው በዛበት? አፈሩ ነው? እባካችሁ ንገሩኝ።

---

ጓሮዬ (ሊድስ) | ኦክቶበር 14፣ 2023

አይዞሽ እህቴ። ጥላውም አፈሩም ገና ተራቸው አልደረሰም። የገዛሽው ሥር ሞቶ ነው የደረሰሽ።

የነጯ አኔሞኒ ሥር እንደ ዝንጅብል በአግድም የሚሄድ ነው። ግን እንደ ዝንጅብል ወፍራም አይደለም። እንደ ክብሪት እንጨት ቀጭን ስለሆነ ውስጡ የሚይዘው ውኃ ትንሽ ነው። ጫካ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ እርጥብ አፈር ነው የሚኖርበት። ነቅለው ሞቅ ባለ ሱቅ ውስጥ በወረቀት ከረጢት ወር ሁለት ወር ሲያስቀምጡት ደርቆ ያልቃል። ያንቺ ውስጡ ባዶ የሆነው ለዚህ ነው።

እኔም በመጀመሪያ እንዳንቺው ነው የጀመርኩት። ከዚያ ወዲህ በሁለት መንገድ ብቻ ነው የምገዛው። አንደኛው፣ በጸደይ ቅጠሏም አበባዋም እያለ በማሰሮ። ዋጋው ይወደዳል፤ ግን በሕይወት መኖሯን በዓይንሽ እያየሽ ነው የምትገዢው። ሁለተኛው፣ እርጥብ አፈር ውስጥ ጠቅልሎ ከሚልክ ትንሽ ችግኝ ቤት። በደረሰሽ ቀን፣ ሳታሳድሪ፣ ትተክያለሽ።

---

ሸክላ አፈር (ቨርጂኒያ) | ኦክቶበር 15፣ 2023

በዚህ አልስማማም። እኔ በደረቁ ነው የገዛሁት። 50 ፍሬ። ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳደርኩት፣ በማግስቱ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍሬ ተከልኩት። በማርች መጨረሻ ሰማያዊና ነጭ ሆኖ ወጣ። ይኸው ስድስት ዓመቱ ነው፣ እየጨመረ ነው የሄደው። የኛ አካባቢ አፈር ቀይ ሸክላ ነው፣ በጋው ደግሞ ያቃጥላል። እሱን ሁሉ ችሎልኛል። ውኃ ውስጥ አሳድረሽው ነበር ወይ?

---

የቀድሞ አትክልተኛ (ሽቱትጋርት አካባቢ) | ኦክቶበር 15፣ 2023

ሰላም ልጆች። ጀርመን አገር ችግኝ ቤት ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። የምታወሩት ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ተክሎች ነው።

የቨርጂኒያው ልጄ፣ ያንተ አኔሞኒ ብላንዳ ይባላል። አገሩ ግሪክና ቱርክ ነው፣ ተራራማው ክፍል። እዚያ በጋው ደረቅ ስለሆነ ሥሩ ድቡልቡል ሆኖ ምግቡንና ውኃውን ያጠራቅማል። ጥቁር የደረቀ እበት ፍርፋሪ ይመስላል። እሱ በደረቁ ቢሸጥም አይሞትም፤ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ ሲያድር ነፍስ ይዘራል። የትኛው ጎኑ ላይ፣ የትኛው ታች እንደሆነ ስለማይለይ ሰው ይጨነቃል። አትጨነቁ። በጎኑ አስተኝታችሁ ቅበሩት፣ መንገዱን ራሱ ያገኘዋል።

የጎተንበርጓ ልጄ የምትፈልገው ግን አኔሞኒ ኔሞሮሳ ናት። የሰሜንና የመካከለኛው አውሮፓ የጫካ ልጅ ናት። ይህን ስም በ1753 ያወጣላት የናንተው የስዊድኑ የዕፅዋት ሊቅ ሊኔዎስ ነው። እዚህ ጀርመን ቡሽቪንድሮስሸን ይሏታል፤ የቁጥቋጦ የነፋስ ጽጌረዳ እንደማለት። አኔሞኒ የሚለውም ከግሪኩ "ነፋስ" ከሚለው ቃል የመጣ ነው። እሷ ድርቀት አትችልም፤ ጓሮዬ ያለችሽ ሁሉ ልክ ነው።

አሁን ግን ስለ ጥላው ልጠይቅሽ። የበርቹን ቅጠል በመጸው ምን ታደርጊዋለሽ?

---

የበርች ጥላ | ኦክቶበር 15፣ 2023

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከረጢቱን አውጥቼ አየሁት፣ ኔሞሮሳ ነው የሚለው። ቅጠሉን በየሳምንቱ ጠርጌ በከረጢት እጥላለሁ። ባለቤቴም በሣር ማጨጃው ዛፉ ሥር ድረስ ይሄዳል። ቤታችን ንጹሕ እንዲመስል ብለን ነው።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ጫካ ሞልቶ የለ እንዴ፣ ትንሽ ቆፍረሽ አምጪ" አለችኝ። ይቻላል?

---

ጓሮዬ (ሊድስ) | ኦክቶበር 16፣ 2023

ከጫካ አትቆፍሪ፣ እህቴ። እዚህ እንግሊዝ አገር ከ1981 ጀምሮ በሕግ ክልክል ነው፤ የመሬቱ ባለቤት ካልፈቀደ ማንኛውንም የዱር ተክል ከነሥሩ መንቀል አይቻልም። የናንተን አገር ሕግ ከዚያው ጠይቂ፤ ግን ሕግ ባይኖርም አታድርጊው።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ይህች ተክል በጫካ ውስጥ የምትስፋፋው በጣም በዝግታ ነው። ዘሯ ብዙውን ጊዜ አይበቅልም፣ ሥሯ ነው በትንሽ በትንሹ የሚሄደው። እዚህ በመቶ ዓመት ሁለት ሜትር ገደማ ነው ይባላል። ስለዚህ አንድ ጫካ ውስጥ በብዛት ከታየች ጫካው ከጥንት ጀምሮ ያልታረሰ፣ ያልተመነጠረ መሆኑን ያሳያል። ሰዎች ካርታ ከማየታቸው በፊት እሷን ነው የሚያዩት። አንቺ ያን ቀን ሸለቆው ውስጥ ያየሽው ምንጣፍ የስንት ትውልድ ሥራ እንደሆነ አስቢው። አንድ አካፋ የሚያነሳውን የሚተካ ዕድሜ የለንም።

ጓሮ ውስጥ ግን ለስላሳ አፈር ስላለና የሚሻማት ስለሌለ ከዚያ ይፈጥናል። ተስፋ እንዳትቆርጪ ብዬ ነው።

---

የቀድሞ አትክልተኛ | ኦክቶበር 16፣ 2023

ልጄ፣ ቅጠሉ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ። እስቲ በረጅሙ ልጻፍልሽ፤ ለሌላውም ይጠቅማል።

ሰው "ግማሽ ጥላ የሚወድ ተክል" ሲባል ጥላን ሁሉ አንድ አድርጎ ያስባል። አይደለም። የጥድ ጥላ ዓመቱን ሙሉ ጨለማ ነው፤ እዚያ አኔሞኒ አትኖርም። የበርች፣ የአፕል፣ የሃዝል ጥላ ግን ይመጣል ይሄዳል። ማርችና ኤፕሪል ላይ ዛፉ ራቁቱን ነው። ፀሐይ እስከ መሬት ትወርዳለች። አኔሞኒዋ የምትጠብቀው ያንን በር ነው። ተሽቀዳድማ ትወጣለች፣ ታብባለች፣ የዓመቱን ቀለቧን በቅጠሏ ሠርታ ወደ ሥሯ ታስገባለች። ሜይ ላይ ዛፉ ሲለብስና በሩ ሲዘጋ እሷ ጨርሳለች። ጁን ላይ ቅጠሏ ቢጫ ሆኖ ይጠፋል። ከዚያ ጥላው የሚጠቅማት መሬቱ እንዳይደርቅ ብቻ ነው። እሷ ተኝታለች።

ስለዚህ ዓመቷ ሁለት ወር ተኩል ነው። በዚያ ሁለት ወር ተኩል ውስጥ የሣር ማጨጃ ቅጠሏን ከቆረጠው ለሚቀጥለው ዓመት ቀለብ የላትም። ባለቤትሽን በትሕትና ንገሪው፦ ከአፕሉ ዛፍ ዙሪያ እስከ ጁን መጨረሻ ማጨጃው አይግባ።

ቅጠሉ ደግሞ ጉዝጓዟ ነው። ሲበሰብስ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ እርጥበት የሚይዝ አፈር ይሆናል። ለዚች ተክል ከዚያ የሚሻል ማዳበሪያ አላውቅም። ከሱቅ የሚገዛውን ጠንካራ ማዳበሪያ ተዪው። በርቹ ላይ ያለው ችግር ሥሩ ነው። ከላይ ከላይ ይሄዳል፣ ውኃውን ሁሉ ይጠጣዋል። ስለዚህ መጀመሪያ አፕሉ ሥር ጀምሪ። አፈሩን በጥልቀት አትቆፍሪው፤ ሁለት ጣት ያህል የበሰበሰ ቅጠል ከላይ አልብሺው። ሥሩን ከሦስት እስከ አምስት ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አጋድመሽ ቅበሪ፣ በመካከሉ ስንዝር የማይሞላ ክፍተት ተዪ። ለዘንድሮ መትከሉ ይቅር። ቅጠሉን ብቻ ሰብስበሽ አቆዪ።

---

የልጆች እናት (ኦስሎ) | ኦክቶበር 17፣ 2023

ይቅርታ በመሐል መግባቴ። ትንንሽ ልጆች ያላችሁ አንድ ነገር እወቁ። ይህች አበባ መርዝ አላት። ነርስ ነኝ፣ ለማስፈራራት አይደለም። ጭማቂዋ ቆዳ ላይ ሲቆይ ያቃጥላል፣ ቢበላ አፍና ሆድ ያቆስላል። ስትተክሉና ሥሯን ስትከፋፍሉ ጓንት አድርጉ። ልጆች ይዩ፣ ይሽተቱ፣ አፋቸው ውስጥ ግን አያድርጉ። ጥንቸል የምታረቡ ከሆነ ከሣሩ ጋር ቀላቅላችሁ አትስጡ።

---

የነጌቭ ልጅ (ቤር ሼቫ) | ኦክቶበር 17፣ 2023

እኛ ጋ ያለው አኔሞኒ ካላኒት ይባላል፣ ቀይ። በ2013 የእስራኤል ብሔራዊ አበባ ሆኖ ተመርጧል። እዚህ ነጌቭ ሰሜኑ ክፍል ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ ሜዳው ይቀላል፣ ሰው ከየከተማው ለማየት ይመጣል። መቅጠፍም ክልክል ነው። የኛው ግን ጥላ አይወድም፣ ሜዳ ላይ ፀሐይ ነው የሚፈልገው። ጋሼ ያሉትን ሳነብ ግን አንድ ነገር ገባኝ። የናንተዋ ከዛፍ ጨለማ ሸሽታ ነው የምትተኛው፤ የኛው ከበጋ ድርቀት። ዘዴያቸው አንድ ነው።

---

ችግኝ (አዲስ አበባ) | ኦክቶበር 19፣ 2023

በጣም የሚያምር ውይይት ነው። እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ግቢያችን ውስጥ ትልቅ ጥላ ያለው የዝግባ ዛፍ አለ። ከናንተ አንዳችሁ ሥሩን ብትልኩልኝ እዚህ ይበቅል ይሆን?

---

የቀድሞ አትክልተኛ | ኦክቶበር 19፣ 2023

ወንድሜ፣ አይበቅልም ብዬ ብነግርህ ይሻላል። ይህች ተክል ከእንቅልፏ እንድትነሣ ረጅም ብርድ ያስፈልጋታል፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ሳይሆን ወራት። የአዲስ አበባ ብርድ የሌሊት ብርድ ነው፣ ቀን ይሞቃል። ዝግባም እንደ ጥድ ነው፣ ቅጠሉን አያረግፍም። በዚያ ላይ ተክል ያለ ፈቃድ በሻንጣ ድንበር ማሻገር በሽታ ያሻግራል፣ ይቅርብን።

ያንተው አገር ግን ለጥላ የሚሆን ድንቅ ተክል አለው። እንሶስላን ታውቃለህ?

---

ጓሮዬ (ሊድስ) | ኦክቶበር 19፣ 2023

ጋሼ፣ እንሶስላን ስላነሱ ደስ አለኝ! እኔ ጋ አለ እኮ!

አያቴ ሥሩን ወቅጣ እጅና እግሯን ስታቀላ ነበር የማውቀው። አበባውን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም ነበር። እዚህ እንግሊዝ አገር አንድ ችግኝ ቤት ውስጥ ትልልቅ ነጭ አበባ፣ ጉሮሮው ሐምራዊ የሆነ ተክል አየሁ። ስሙ ሥር "ኢትዮጵያ" ይላል። ቀረብ ብዬ ሳይ እንሶስላ ነው። እዚያው ቆሜ ለእናቴ ደወልኩላት።

እንደ አኔሞኒዋ ሁሉ ከመሬት በታች ሥሩን አስቀምጦ ይተኛል። ጥላና እርጥበት ይወዳል፣ በአገራችን በወንዝ ዳርና በጫካ ጠርዝ ነው የሚበቅለው። በበጋ ከኔ ቁመት ይበልጣል። ማታ ማታ ሽታው ደስ ይላል። ውርጭ ላዩን ይገድለዋል፤ ሥሩን ግን ወፍራም ጉዝጓዝ አልብሼ አሳልፈዋለሁ። ችግኝ፣ አንተ ያለ ምንም ጉዝጓዝ ልትተክለው ትችላለህ። በዝግባው ጥላ ጠርዝ ላይ፣ የጣሪያ ውኃ በሚወርድበት በኩል ሞክረው።

---

የበርች ጥላ | ሜይ 12፣ 2024

ሰላም ናችሁ? እንዳላችሁኝ አደረግሁ። መጸው ላይ ቅጠሉን አልጣልኩም፣ ሁሉንም አፕሉ ሥር ነው የከመርኩት። ባለቤቴ ማጨጃውን እንዳያስገባ በድንጋይ ከለልኩት። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ በማሰሮ ያሉ አምስት ገዛሁ። አራቱ ተራው ነጭ፣ አንዱ ሮቢንሶኒያና የሚባለው፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ፈዛዛ ሰማያዊ። ዋጋው ከነጩ ይበልጣል፤ ግን ሳየው እጄ እምቢ አለኝ፣ ገዛሁት።

ከሁሉ የገረመኝ ጎረቤታችን ናቸው። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ስዊድናዊት ናቸው፣ ከሰላምታ ውጭ ብዙ አናወራም ነበር። በአጥር ላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና ገብተው ይዘውኝ ሄዱ። ቤታቸው ጀርባ ሙሉ ቪትሲፓ ነው። እናታቸው የተከሉት ነው አሉኝ። የሳህን ስፋት ያህል ከነአፈሩ በአካፋ አንሥተው ሰጡኝ። በአምስት ደቂቃ ውስጥ መሬት ውስጥ ነበር።

---

የበርች ጥላ | ጁን 16፣ 2024

ጋሼ፣ ሁሉም ቢጫ ሆነ! ሞተብኝ መሰለኝ። ውኃ ልጨምር?

---

የቀድሞ አትክልተኛ | ጁን 16፣ 2024

አልሞተም ልጄ፣ ተኝቶ ነው። ጁን ላይ እንዲህ ነው የሚሆነው። ቅጠሉን አትጎትቺው፣ ራሱ ይረግፋል። ረጅም ድርቅ ከሆነ ብቻ በሳምንት አንዴ አጠጪ። ዋናው አደጋ አሁን አንቺ ራስሽ ነሽ፤ ባዶ መሬት መስሎሽ ሌላ ነገር ልትቆፍሪበት ትችያለሽ። በየቦታው እንጨት ሰክተሽ ምልክት አድርጊ። ባዶነቱ ካስጨነቀሽ ጠርዙ ላይ ሆስታ ወይም ፈርን ትከይ። እነሱ ዘግይተው ነው የሚወጡት፣ አይሻሟትም።

በሚቀጥለው ጸደይ አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ከአኔሞኒዋ መካከል ረጅም እግር ያለው ቡናማ የእንጉዳይ ጽዋ ካየሽ፣ ሥሯን የሚበላ ፈንገስ ነው። ጓሮ ውስጥ ከታየ ያን ቦታ ከነሥሩ አንሥተሽ አስወግጂ፣ ለሌላ ሰውም ከዚያ አትስጪ።

---

ሸክላ አፈር (ቨርጂኒያ) | ጁን 17፣ 2024

እህቴ፣ ባለፈው "ውኃ ውስጥ አሳድረሽው ነበር ወይ" ብዬ አንቺን ጥፋተኛ ያደረግሁ መስሎ ተሰምቶኛል። ይቅርታ። ተክሉ ሌላ መሆኑን አላውቅም ነበር። ጋሼ የነገሩን እኔንም ብዙ አስተማረኝ፤ ለካ የኛም ምሥራቅ አሜሪካ ጫካ የራሱ ትንሽ ነጭ አኔሞኒ አለው። ባለፈው ጸደይ በእግር መንገድ ዳር አገኘሁት። ለዓመታት አጠገቡ ሳልፍ አላየሁትም ነበር። ለበርቹ ሥር ብላንዳ ሞክሪ፣ ደረቅ መሬት ከእሷ ይልቅ እሱ ይችላል። ሌሊቱን ማሳደሩን ግን አትርሺ።

---

የበርች ጥላ | ኤፕሪል 27፣ 2025

ወጡ!

ማርች መጨረሻ ላይ ቅጠሉን በጣቴ ገለጥ ሳደርግ አንገታቸውን የደፉ ትንንሽ ነገሮች አየሁ። እንደ ቀስት የጎበጠው አንገታቸው ነው መጀመሪያ አፈሩን ሰብሮ የሚወጣው፣ ራሳቸው ኋላ ይቃናል። መልሼ ሸፈንኩት። በየቀኑ ከሥራ መልስ ካፖርቴን ሳላወልቅ ነበር የምሄደው።

ከአምስቱ ማሰሮ አራቱ ተርፈዋል። ሮቢንሶኒያና ሁለት አበባ ብቻ ነው ያወጣው። የጎረቤቴ ግን ከሳህን ወደ ትሪ ሰፍቷል፣ ዛሬ ጠዋት 23 አበባ ቆጠርኩ። ዝናብ ሲሆን ይዘጋሉ፣ ራሳቸውን ይደፋሉ፣ ከጀርባቸው ሮዝ ናቸው። ፀሐይ ስትወጣ ሁሉም ወደ እሷ ይዞራሉ። በርቹ ሥር በመጸው የቀበርኩት ብላንዳም ብቅ ብሏል፣ ገና አላበበም።

ጎረቤቴን ትናንት ቡና ጠራኋቸው። ጀበናዬን አውጥቼ አፕሉ ሥር ነው ያፈላሁት፣ ብርድ ልብስ ደርበን። ሦስተኛው ድረስ ተቀመጡ። እናታቸው ከየት እንዳመጡት ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ጎረቤት ነው የሰጣቸው።

ልጄ ደግሞ አንድ ጥያቄ አላት፣ ጋሼን ጠይቂልኝ ብላለች። የአንዱ አበባ ቅጠል ስድስት ነው፣ የሌላው ሰባት፣ አንዱ ጋ ስምንት አገኘች። የትኛው ነው ትክክለኛው?

---

የቀድሞ አትክልተኛ | ኤፕሪል 27፣ 2025

ሁሉም ትክክል ናቸው በያት። ስድስት ይበዛል፣ ሰባትም ብዙ ነው። ከስምንት በላይ ካገኘች ግን ትጻፍልኝ፣ በየቀኑ ትቁጠር።